የፓይተን ፈንክሽኖች የሚፈጁትን የፕሮሰሰር ጊዜ መለካት

አንድ የፓይተን ፕሮግራም ዘገየ ሲባል ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ፕሮሰሰሩ ያለ ፋታ እየሠራ ሥራው በዝቶበታል፣ ወይ ደግሞ ከዲስክ፣ ከዳታቤዝ ወይም ከኢንተርኔት የሚመጣ መልስ እየጠበቀ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ለተጠቃሚው ሁለቱም ያው መዘግየት ናቸው። ኮዱን ለሚያስተካክለው ባለሙያ ግን መፍትሔያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የመጀመሪያው አላስፈላጊ ድግግሞሽን በመቀነስ ወይም የተሻለ የአሠራር ዘዴ በመምረጥ ይቃለላል፤ ሁለተኛው ግን የሚጠበቀው መልስ እስካልፈጠነ ድረስ ኮዱ የቱንም ያህል ቢሻሻል ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ማንም ሰው የፈንክሽኖቹን ጊዜ ለመለካት ሲነሣ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «የምለካው በየትኛው ሰዓት ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሳይለዩ የሚደረግ ልኬት ቁጥር ይሰጣል እንጂ መልስ አይሰጥም፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙዎቹ የፓይተን መለኪያዎች ካልተነገራቸው በስተቀር የፕሮሰሰሩን ጊዜ አለመለካታቸው ነው።

ከዚህ በታች የሞጁሎቹንና የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኮዱን በሚጽፉበት ጊዜ በፓይተን ሰነድ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ይተኳቸው።

ሁለቱ ሰዓቶች

«ታይም» የተባለው መደበኛ ሞጁል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 3.3 ስሪት ጀምሮ፣ ለዚህ ጉዳይ የሚሆኑ ሁለት ፈንክሽኖች አሉት። «ፐርፍ_ካውንተር» የሚለካው ያለፈውን ጊዜ ነው፤ ፕሮግራሙ በመካከሉ ይሥራም ይተኛም፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ስንት ሴኮንድ እንዳለፈ ይናገራል። «ፕሮሰስ_ታይም» ግን የሚቆጥረው ፕሮሰሰሩ ለዚያ ፕሮግራም የደከመበትን ጊዜ ብቻ ነው። ይህም የሁለት ክፍሎች ድምር ሲሆን፣ አንዱ የፕሮግራሙን የራሱን ኮድ በማስኬድ የሚጠፋው «ዩዘር» የሚባለው ጊዜ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በፕሮግራሙ ጥያቄ ፋይል ሲከፍት፣ ሜሞሪ ሲመድብ ወይም መረጃ ወደ ኔትወርክ ሲልክ የሚያጠፋው «ሲስተም» የሚባለው ጊዜ ነው። ሁለቱም ፈንክሽኖች የሚመልሱት ቁጥር ከምን ተነሥቶ እንደተቆጠረ ትርጉም የለውም፤ ትርጉም ያለው ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ በተነበቡት ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በዚያው ሞጁል ውስጥ «ታይም» ተብሎ የሚጠራውን ፈንክሽን ለልኬት አለመጠቀም ይሻላል። እሱ የሚያነበው የኮምፒውተሩን የቀን መቁጠሪያ ሰዓት ስለሆነና ይህ ሰዓት በኢንተርኔት አማካይነት ወደፊትም ወደኋላም ሊስተካከል ስለሚችል፣ ልዩነቱ አንዳንዴ ከዜሮ በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በቆዩ መማሪያዎች ውስጥ የሚገኘው «ክሎክ» ደግሞ በሊኑክስና በማክ ላይ የፕሮሰሰር ጊዜን፣ በዊንዶውስ ላይ ግን ያለፈ ጊዜን ይመልስ ነበር። በዚህ ምክንያት ከ3.3 ጀምሮ «አትጠቀሙበት» ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 3.8 ስሪትም ጨርሶ ተወገደ። ከአሮጌ ጽሑፍ የተቀዳ ኮድ ዛሬ ላይ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ቢቆም ምክንያቱ ይህ ነው።

ልዩነቱን በዓይን ለማየት አጭር ሙከራ ይበቃል። ሁለቱንም ሰዓቶች አንብበው በተለያዩ ስሞች ያስቀምጡ፤ ከዚያ «ስሊፕ» የተባለውን ፈንክሽን 2 ሴኮንድ እንዲተኛ ያዝዙት፤ ሲነቃ ሁለቱንም እንደገና አንብበው ይቀንሱ። ያለፈው ጊዜ ከ2 ሴኮንድ ጥቂት ከፍ ያለ ሆኖ ሲገኝ፣ የፕሮሰሰሩ ጊዜ ግን ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ይሆናል። በ«ስሊፕ» ፋንታ ከ1 እስከ 10,000,000 ያሉትን ቁጥሮች በ«ፎር» ዙር እየደመረ የሚሄድ ኮድ ቢያስገቡ ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ሥራ እስካልተጨናነቀ ድረስ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ይገኛሉ።

እኔ ከማንኛውም ረቀቅ ያለ መሣሪያ በፊት ሁልጊዜ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት እመርጣለሁ። ከተቀራረቡ ሥራው የፕሮሰሰር ነው፤ ፈንክሽኖቹን አንድ በአንድ መመርመር ፍሬ ይኖረዋል። የፕሮሰሰሩ ጊዜ ካለፈው ጊዜ እጅግ ካነሰ ፕሮግራሙ ሲጠብቅ ነው የዋለው፤ ስለዚህ ዓይንን ወደ ዳታቤዙ ወይም ወደ ኔትወርኩ ማዞር ያስፈልጋል። የፕሮሰሰሩ ጊዜ ካለፈው ጊዜ በልጦ ሲገኝ ለጀማሪ ግራ ያጋባ ይሆናል፤ ነገር ግን ስሕተት አይደለም። «ፕሮሰስ_ታይም» በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ስሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ሁሉ ደምሮ ስለሚቆጥር፣ እንደ ናምፓይ ያለ ላይብረሪ የማትሪክስ ብዜትን ለአራት ኮሮች ቢያከፋፍለው በ1 ሴኮንድ ውስጥ እስከ 4 ሴኮንድ የሚደርስ የፕሮሰሰር ጊዜ ሊፈጅ ይችላል።

በዲኮሬተር መለካት

አንድን ፈንክሽን ብቻ ለመከታተል ቀላሉ መንገድ ዲኮሬተር መጻፍ ነው። ዲኮሬተሩ ፈንክሽኑን ይቀበልና በውስጡ ሌላ ፈንክሽን ያዘጋጃል፤ ይኸኛው በመጀመሪያ «ፕሮሰስ_ታይም»ን ያነባል፣ ቀጥሎ ዋናውን ፈንክሽን ይጠራል፣ በመጨረሻም ሰዓቱን እንደገና አንብቦ ልዩነቱን ይመዘግባል። ጥሪውን በ«ትራይ»፣ ምዝገባውን በ«ፋይናሊ» ውስጥ ማድረግ ይበጃል፤ አለዚያ ፈንክሽኑ በስሕተት ሲቋረጥ የፈጀው ጊዜ ሳይመዘገብ ይቀራል። ልዩነቱን በየጥሪው በስክሪን ላይ ማተም አልመክርም። ማተም ራሱ ጊዜ ይበላል፤ አንዱ የሚለካ ፈንክሽን ሌላውን የሚለካ ፈንክሽን የሚጠራ ከሆነ ደግሞ የሕትመቱ ወጪ በጠሪው ሒሳብ ላይ ይታከላል። ከዚያ ይልቅ የፈንክሽኑን ስም ቁልፍ ባደረገ ዲክሽነሪ ውስጥ የጥሪዎቹን ብዛትና የጊዜውን ድምር ማጠራቀምና ፕሮግራሙ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ማሳየት ይሻላል። ድምሩ ረጅም ከሆነ «ፕሮሰስ_ታይም_ኤንኤስ» የተባለውን፣ ከ3.7 ስሪት ጀምሮ ያለውንና ናኖሴኮንዶችን በሙሉ ቁጥር የሚመልሰውን፣ መጠቀም የአስርዮሽ ቁጥሮችን የማጠጋጋት ጣጣ ያስቀራል።

ይህ ዘዴ ቀላል ቢሆንም የሚያሳስትባቸው ቦታዎች አሉት። ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ላይ ሲደረግ የውስጠኛው ጥሪ ጊዜ በውጭኛው ውስጥም ስለሚገኝ ድምሩ ከእውነቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ መፍትሔው የጥልቀት ቁጥር ይዞ የውጭኛውን ጥሪ ብቻ መመዝገብ ነው። ከዚህ የባሰው «ዪልድ» ያለበት ጄነሬተር ነው። ጄነሬተር ሲጠራ ወዲያው አንድ ነገር መልሶ ይወጣል እንጂ ሥራውን አይጀምርም፤ ሥራው የሚሠራው ሌላ ሰው በ«ፎር» እየጎተተ ሲያነበው ነው። በመሆኑም ዲኮሬተሩ ዜሮ የሚጠጋ ጊዜ ይመዘግባል፤ እውነተኛው ወጪ ግን በአንባቢው ፈንክሽን ስም ይጻፋል። በ«ኤሲንክ» የተጻፉ ፈንክሽኖችም እንዲሁ ናቸው፤ በ«አዌይት» ተጠብቀው ቢለኩ እንኳ በመካከሉ ሌሎች ተግባሮች የፈጁት የፕሮሰሰር ጊዜ አብሮ ይቆጠራል።

ብዙ ስሬዶች ባሉበት ፕሮግራም ውስጥ ደግሞ «ፕሮሰስ_ታይም» የጎረቤት ስሬዶችን ድካምም ስለሚደምር ለአንድ ፈንክሽን አይሆንም። ለዚህ ከ3.7 ጀምሮ «ስሬድ_ታይም» አለ፤ የሚቆጥረው ጥሪው የተደረገበትን ስሬድ ብቻ ነው።

የሰዓቱ ደቃቅነት

ሰዓት ሁሉ ሊለየው የሚችለው ከሁሉ ያነሰ የጊዜ ልዩነት አለው። «ጌት_ክሎክ_ኢንፎ» ለተባለው ፈንክሽን የሰዓቱን ስም ቢሰጡት የደቃቅነቱን መጠን ይነግርዎታል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ይህን መልስ እንዳለ ማመን አይገባም። ዊንዶውስ የፕሮሰሰርን ጊዜ በ100 ናኖሴኮንድ መስፈሪያ ቢያሳውቅም፣ ቁጥሩን በተግባር የሚያድሰው አብዛኛውን ጊዜ በየ15.6 ሚሊሴኮንዱ ነው። አንድ ፈንክሽን 3 ሚሊሴኮንድ የሚፈጅ ከሆነ ልኬቱ ዛሬ 0 ቀጥሎ ደግሞ 15.6 ሚሊሴኮንድ ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። አጭር ፈንክሽን የሚለካው ደጋግሞ በመጥራትና ድምሩን ለጥሪዎቹ ብዛት በማካፈል ብቻ ነው።

ይህን ድግግሞሽ «ታይምኢት» የተባለው ሞጁል ይሠራልዎታል፤ ሆኖም እሱም በልማድ የሚጠቀመው ያለፈውን ጊዜ ነው። ከተርሚናል ሲያስኬዱት «ሰረዝ ፒ» የሚለውን አማራጭ ካከሉበት ወደ «ፕሮሰስ_ታይም» ይዞራል። ስንት ጊዜ እንደሚደግም ካልነገሩት 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20 እያለ ከፍ በማድረግ አንዱ ዙር ቢያንስ 0.2 ሴኮንድ እንዲፈጅ የሚያደርገውን ብዛት ይፈልጋል፤ ከዚያ 5 ዙር አስኪዶ ከሁሉ ያነሰውን ያሳያል። ከአማካዩ ይልቅ አነስተኛውን መውሰድ ትክክል ነው፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያደርሱት ረብሻ ጊዜውን ያረዝመው እንደሆነ እንጂ አያሳጥረውም። በዊንዶውስ ላይ ግን 0.2 ሴኮንድ ማለት 13 የማይሞሉ የሰዓቱ እርምጃዎች ስለሆነ፣ አንዱ እርምጃ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢወድቅ ከመቶ 8 ያህል ስሕተት ይገባል። «ሰረዝ ኤን» በሚለው አማራጭ የድግግሞሹን ብዛት ከፍ አድርጎ እያንዳንዱ ዙር ጥቂት ሴኮንዶች እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስለ «ታይምኢት» ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር በልኬቱ ወቅት የፓይተንን ቆሻሻ ሰብሳቢ (አገልግሎታቸው ያበቃ ነገሮችን ከሜሞሪ የሚያጸዳውን ክፍል) ማጥፋቱ ነው። ብዙ ሊስቶችንና ዲክሽነሪዎችን የሚፈጥር ፈንክሽን በዚህ ምክንያት ከእውነተኛው አገልግሎቱ ይልቅ ፈጣን መስሎ ሊታይ ይችላል። በመዘጋጃው ክፍል ውስጥ የ«ጂሲ» ሞጁልን አስገብቶ «ኢነብል» ማለት ሰብሳቢውን ይመልሰዋል።

ሁሉንም ፈንክሽኖች በአንድ ጊዜ

የትኛው ፈንክሽን እንደሚያዘገይ ሳይታወቅ ለእያንዳንዱ ዲኮሬተር መለጠፍ ጊዜ ማባከን ነው። ለዚህ የተሠራው ከ2.5 ስሪት ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው «ሲፕሮፋይል» ነው። እያንዳንዱ ፈንክሽን ሲጠራና ሲመለስ ይመዘግባል፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ፕሮፋይለር ይባላል። ብዙ ሰዎች ግን የሚሰጠው ሴኮንድ የፕሮሰሰር ጊዜ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ «ሲፕሮፋይል» ካልተነገረው የሚለካው ያለፈውን ጊዜ ነው። በፓይተን ብቻ የተጻፈው ታላቅ ወንድሙ «ፕሮፋይል» በአንጻሩ «ፕሮሰስ_ታይም»ን ነው የሚጠቀመው፤ ነገር ግን በጣም ከባድ ስለሆነ ለትልቅ ፕሮግራም አይመረጥም።

መፍትሔው ለ«ሲፕሮፋይል» ሰዓቱን በእጅ መስጠት ነው። ከተርሚናል ይህን የሚያደርግ አማራጭ ስለሌለው በኮድ ውስጥ ይሠራል፤ በ«ሲፕሮፋይል» ውስጥ ያለውን «ፕሮፋይል» የተባለ ክላስ ሲፈጥሩ «ፕሮሰስ_ታይም»ን ያለ ቅንፍ፣ ማለትም ሳይጠሩት፣ እንደ መጀመሪያ ግብአት ያቀብሉታል። ከ3.8 ጀምሮ በ«ዊዝ» ሊከፈት ስለሚችል የሚመረመረውን ኮድ ከሥሩ ማስገባት ብቻ ይበቃል። ውጤቱን «ፒስታትስ» ለተባለው ሞጁል ሰጥቶ በ«ቶትታይም» አስደርድሮ የመጀመሪያዎቹን 10 ወይም 15 ረድፎች ማተም ነው። ሊኑክስ ላይ «ፕሮሰስ_ታይም» በተነበበ ቁጥር ወደ ከርነሉ መግባት ስለሚያስፈልግ ልኬቱ ከወትሮው የበለጠ ፕሮግራሙን ያዘገየዋል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከመደናገጥ ያድናል።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ፕሮግራሙ አንድ ትልቅ የአማርኛ ጽሑፍ ፋይል አንብቦ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቆጥራል እንበል። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሀይ» ስለሚል፣ ከቆጠራው በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ ማምጣት የተለመደ ነው፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ። (ስለ ሥርዓተ ጽሕፈት የሚቆረቆሩ ሰዎች ይህን አይወዱትም፤ እኔም ለቆጠራና ለፍለጋ እንጂ ለኅትመት አልመክረውም።) አምስቱ ፊደሎች እያንዳንዳቸው ከነሰባት ዘራቸው ሲቆጠሩ 35 ለውጦች ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ሦስት ፈንክሽኖች አሉት። «ዋና» ፋይሉን ያነባል፤ «ቃላት_ቁጠር» ጽሑፉን በባዶ ቦታ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ቃል ያስቆጥራል፤ «ፊደል_አስተካክል» ደግሞ አንድ ቃል ተቀብሎ በ35ቱ ለውጦች ላይ እየዞረ «ሪፕሌስ» የተባለውን የጽሑፍ ትእዛዝ ይጠራል። በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የፈንክሽን ስም በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ያለ ቅሬታ ይቀበላል፤ በፕሮፋይለሩ ሠንጠረዥ ላይም ስሙ እንዳለ ይወጣል።

ፋይሉ 200,000 ቃላት ቢኖሩት፣ በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ፣ «ኢንኮልስ» በሚለው ሥር፣ ከ«ፊደል_አስተካክል» ፊት 200,000 ይነበባል፤ ከ«ሪፕሌስ» ፊት ደግሞ 7,000,000። ሌላ ምንም ሳይታይ ይህ ቁጥር ብቻውን ነገሩን ይናገራል። በእኔ አስተያየት ከሠንጠረዡ ሁሉ ታማኙ ይህ ዓምድ ነው፤ ሴኮንዶቹ በማሽኑ፣ በሙቀቱና በጎረቤት ፕሮግራሞች ይለዋወጣሉ፣ የጥሪ ብዛት ግን ለተመሳሳይ ግብአትና ለተመሳሳይ የፓይተን ስሪት በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ያው ነው። ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን ላይ ዓምዱ በሕዝባር (/) የተለያዩ ሁለት ቁጥሮችን ያሳያል፤ የመጀመሪያው የጥሪዎቹ ጠቅላላ ብዛት ነው፣ ሁለተኛው ከውጭ የመጡት ጥሪዎች ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ ያለው «ቶትታይም» ፈንክሽኑ በገዛ አካሉ ውስጥ የፈጀው ጊዜ ነው፤ የጠራቸው ሌሎች ፈንክሽኖች የፈጁት አይገባበትም። «ኩምታይም» ግን የተጠሩትንም ጨምሮ ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለውን ሁሉ ይይዛል። በምሳሌያችን ውስጥ «ዋና» በ«ኩምታይም» የፕሮግራሙን ጠቅላላ ጊዜ ይሸከማል፣ በ«ቶትታይም» ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። በ«ቶትታይም» የደረደሩት እንደሆነ «ሪፕሌስ» እና «ፊደል_አስተካክል» ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የመጀመሪያው 7,000,000 ጊዜ ስለተጠራ፣ ሁለተኛው ደግሞ የ«ፎር» ዙሩ በራሱ አካል ውስጥ ስለሆነ። ብዙ ጀማሪዎች በ«ኩምታይም» ደርድረው የመጀመሪያውን ረድፍ ማስተካከል ይጀምራሉ። «ኩምታይም» ጥሩ የሚሆነው ጥሪው ከየት ወደ የት እንደሚወርድ ለመከታተል ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚደክምበትን ቦታ የሚጠቁመው «ቶትታይም» ነው። የትኛው ፈንክሽን «ሪፕሌስ»ን እንደጠራ ለማረጋገጥ የ«ፒስታትስ» «ፕሪንት_ኮለርስ» አለ።

ሠንጠረዡን ሲያነቡ ረድፍ የሚኖራቸው ፈንክሽኖች ብቻ መሆናቸውን አይርሱ። «ኢን» ብሎ በሊስት ውስጥ መፈለግ፣ ሁለት ጽሑፎችን በመደመር ምልክት ማያያዝና የመሳሰሉት ጥሪ ስላልሆኑ የራሳቸው ረድፍ የላቸውም፤ የፈጁት ጊዜ በያዛቸው ፈንክሽን «ቶትታይም» ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በ«ፎር» ሊስት የሚሠራው አጻጻፍም (ሊስት ኮምፕሪሄንሽን) እስከ 3.11 ድረስ የራሱ ረድፍ ነበረው፤ ከ3.12 ጀምሮ ግን በያዘው ፈንክሽን ውስጥ ስለሚዋሃድ ረድፉ ጠፍቷል። የሁለት ስሪቶችን ሠንጠረዥ የሚያወዳድር ሰው ይህን ካላወቀ አንድ ፈንክሽን ድንገት የከበደ ይመስለዋል።

ወደ ምሳሌው እንመለስ። የፊደል ለውጡ በአንድ ፊደል ላይ ብቻ የሚሠራና ከቃል ወሰን ጋር ግንኙነት የሌለው ስለሆነ፣ ጽሑፉ በቃላት ከመከፋፈሉ በፊት በጠቅላላው ጽሑፍ ላይ አንድ ጊዜ ቢደረግ ውጤቱ አይለወጥም። «ፊደል_አስተካክል» እንዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጠራ የ«ሪፕሌስ» ጥሪዎች ከ7,000,000 ወደ 35 ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ጥሪ አሁን ረጅም ጽሑፍ ይቃኛል፤ ቅኝቱ ግን የሚካሄደው በሲ በተጻፈው የፓይተን ውስጣዊ ኮድ ስለሆነ የፓይተንን የጥሪ ወጪ ሚሊዮን ጊዜ ከመክፈል በብዙ ይረክሳል። «ታዲያ በ«ትራንስሌት» አንድ ጥሪ ብቻ ለምን አናደርገውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይቻላል፤ ነገር ግን የጥሪ ማነስ ሁልጊዜ የድካም ማነስ አይደለም። «ትራንስሌት» የግዕዝ ፊደል ባለበት ጽሑፍ ላይ እያንዳንዱን ፊደል በሠንጠረዥ ውስጥ እየፈለገ ያልፋል፤ «ሪፕሌስ» ግን የሚፈለገው ፊደል በጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ያንኑ ጽሑፍ ሳይገለብጥ ይመልሳል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በእጅዎ ያለው ጽሑፍ ነው፤ «ታይምኢት» ከ«ሰረዝ ፒ» ጋር በእውነተኛው ፋይል ላይ ይፍረድ።

የማሻሻያውን መጠን ከፕሮፋይለሩ ሠንጠረዥ ላይ ማንበብ ግን አይገባም። ፕሮፋይለሩ በእያንዳንዱ ጥሪና መመለስ ላይ የራሱን ወጪ ይጨምራል፤ 7,000,000 ጊዜ የተጠራ ትንሽ ትእዛዝ ይህን ወጪ 7,000,000 ጊዜ ሲሸከም፣ 35 ጊዜ የተጠራው ግን ምንም አይሰማውም። ስለዚህ በፕሮፋይለር ሥር የሚታየው ልዩነት ከእውነተኛው ይጋነናል። ፕሮፋይለሩ ቦታውን ይጠቁም፤ «ምን ያህል ፈጠነ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ፕሮፋይለሩን አጥፍቶ አሮጌውንና አዲሱን ኮድ በ«ፕሮሰስ_ታይም» ብቻ መለካት ነው።

ፕሮግራሙን ሳያቆሙ መለካት

አገልግሎት እየሰጠ ያለን ሰርቨር በ«ሲፕሮፋይል» ማዘግየት ስለማይቻል ናሙና የሚወስዱ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። «ፓይ-ስፓይ» በረስት ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ እየሄደ ያለን የፓይተን ፕሮግራም በፕሮሰስ ቁጥሩ አማካይነት ከውጭ ሆኖ ይመለከተዋል። ካልተነገረው በሴኮንድ 100 ጊዜ «አሁን የትኛው ፈንክሽን ላይ ነህ?» እያለ ይመዘግባል፤ ሥራ ፈትተው የሚጠብቁ ስሬዶችንም ካልታዘዘ በስተቀር ስለሚያልፋቸው ሥዕሉ ለፕሮሰሰር ጊዜ የቀረበ ነው። ማክ ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚሰጠው ግምት ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠሩ አጫጭር ፈንክሽኖችን ላያያቸው ይችላል፣ የጥሪ ብዛትም አይቆጥርም። ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የወጣው «ስካሊን» ደግሞ በየመስመሩ በፓይተን የጠፋውን ጊዜ በሲ ከተጻፉ ላይብረሪዎች ጊዜ ለይቶ ያሳያል። ናምፓይን ለሚጠቀም ሰው ይህ ጠቃሚ ነው፤ ጊዜው የሚጠፋው በላይብረሪው ውስጥ ከሆነ የፓይተኑን ኮድ ማሸት ብዙ አይፈይድም።

ፕሮግራሙ ሥራውን ለሌሎች ፕሮሰሶች የሚያከፋፍል ከሆነ ግን «ፕሮሰስ_ታይም» የእነዚህን እሱ ያስነሣቸውን «ልጆች» ፕሮሰሶች ድካም አያይም። በ«መልቲፕሮሰሲንግ» ስምንት ሠራተኞችን ያሰማራ ፕሮግራም የራሱን ጊዜ ሲጠየቅ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ሊል ይችላል። በሊኑክስና በማክ ላይ የ«ኦኤስ» ሞጁል «ታይምስ» ፈንክሽን የወላጁንና የልጆቹን ጊዜ ለየብቻ ይሰጣል፤ ሆኖም የልጁ ጊዜ የሚገባው ልጁ ሥራውን ጨርሶ ወላጁ ከተቀበለው በኋላ ነው። ዊንዶውስ ላይ የልጆቹ ቦታ ሁልጊዜ ዜሮ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራውን ሲጨርስ የራሱን «ፕሮሰስ_ታይም» ከውጤቱ ጋር አብሮ እንዲመልስ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከልኬቱ በፊት የኮምፒውተሩ ሁኔታ

የፕሮሰሰር ጊዜ ከሌሎች ፕሮግራሞች ሽሚያ ነፃ ነው ማለት ፈጽሞ አይለዋወጥም ማለት አይደለም። የሚቆጠረው ሴኮንድ እንጂ የተሠራው ሥራ ስላልሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ያው ሥራ ብዙ ሴኮንድ ይፈጃል። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው በልኬቱ መካከል መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ወደ ባትሪ ቢዞር፣ ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩ ስለሚዘገይ ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው ጋር ሊወዳደር አይችልም። ማሽኑ ሲግልም እንዲሁ ይሆናል። አሮጌውን ኮድ ጠዋት፣ አዲሱን ከሰዓት በኋላ ከመለካት ይልቅ ሁለቱን እያፈራረቁ በተከታታይ መለካት እንዲህ ያለውን ልዩነት ለሁለቱም እኩል ያዳርሳል።

የመጀመሪያው ጥሪም ከሌሎቹ ይለያል። ሞጁሎች የሚገቡት፣ ሠንጠረዦች የሚዘጋጁት በዚያን ጊዜ ስለሆነ ብቻውን መመዝገብ አለበት። ተቃራኒው ደግሞ «ኤልአርዩ_ካሽ» በተለጠፈበት ፈንክሽን ላይ ይገጥማል፤ ከሁለተኛው ጥሪ ጀምሮ ለተመሳሳይ ግብአት የተቀመጠውን መልስ እያነሣ ስለሚሰጥ፣ «ታይምኢት» ሚሊዮን ጊዜ ቢደግመው የሚለካው ፈንክሽኑን ሳይሆን ማስታወሻውን ነው። በየዙሩ «ካሽ_ክሊር» መጥራት ወይም ዲኮሬተሩን ለጊዜው ማንሣት ያስፈልጋል።

ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የፓይተኑን ስሪት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ የግብአቱን መጠን፣ ማሽኑ በመብራት ወይም በባትሪ መሥራቱንና ልኬቱ የተወሰደበትን ሰዓት ስም፣ «ፕሮሰስ_ታይም» ይሁን «ስሬድ_ታይም» ወይም «ፐርፍ_ካውንተር»፣ በአንድ መስመር ይጻፉ። መስመሩን ከኮዱ ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጡት፤ ከወራት በኋላ ፓይተኑ ወደ አዲስ ስሪት ሲሻገር የሚወዳደረው ከእሱ ጋር ነው።